«ሁለት ኢሚውኖቴራፒ አንድ ላይ ለአባቴ ይሻላል?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ61 ዓመት አባቴ የምግብ ቧንቧ ካንሰር አለበት። ዓይነቱ ስኳመስ የሚባለው ነው። ጉበቱ ላይ ስለደረሰ ቀዶ ጥገና አይሆንም ተባልን። ሐኪሙ ወይ ኬሞ ከአንድ ኢሚውኖቴራፒ ጋር፣ ወይ ያለ ኬሞ ሁለት ኢሚውኖቴራፒ አንድ ላይ መስጠት ይቻላል አሉን። የዛሉ ቲ ሴሎችን ያነቃቃል ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ሁለቱ ከአንዱ አይበልጡም?

መልስ፦ ሁለት ስለሆኑ ብቻ አይበልጡም። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት። ኢሚውኖቴራፒ የሰውነትን የራሱን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳ ሕክምና ነው።

ቲ ሴሎች ካንሰርን ለይተው የሚገድሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ካንሰሩ ለወራት ሳያርፍ ሲቀሰቅሳቸው ግን ይዝላሉ። እዚያው ካንሰሩ ውስጥ አሉ፣ መግደል ግን ይሳናቸዋል። ላያቸው ላይ ፒዲ-1 የሚባል ፕሮቲን ይበዛል፤ እንደ ፍሬን ነው። ካንሰሩም ፒዲኤል-1 በሚባለው የራሱ ፕሮቲን ፍሬኑን ይረግጠዋል። ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብ የሚባሉት የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒቶች መሃል ገብተው ይህን ያስቆማሉ። ኢፒሊሙማብ የሚባለው ሌላው መድኃኒት የሚከለክለው ሌላ ፍሬን ነው፤ ሲቲኤልኤ-4 ይባላል። የሚሠራውም በአብዛኛው ቀደም ብሎ፣ ቲ ሴሎች ንፍፊት በምንላቸው ሊምፍ ኖዶች ውስጥ ሲዘጋጁ ነው። ስለዚህ አንዱ የዛሉትን ሲያነቃ፣ ሌላው አዲስ ኃይል ይልካል። ከልክ በላይ የዛሉት ግን ሁሉም አይመለሱም።

አሁን ወደ አባትዎ እንምጣ። በ2022 የወጣው ቼክሜት 648 የተባለ ጥናት እነዚህኑ ሁለት አማራጮች በ970 ታማሚዎች ላይ ከኬሞ ብቻ ጋር አወዳድሯል። ግማሾቹ ታማሚዎች ቢያንስ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ በኬሞ ብቻ 10.7 ወር፣ በኒቮሉማብና ኬሞ 13.2 ወር፣ በኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ 12.7 ወር ነበር። ፒዲኤል-1 ካንሰራቸው ላይ 1 በመቶና ከዚያ በላይ የተገኘባቸው የበለጠ ተጠቅመዋል፤ በዚያው ቅደም ተከተል 9.1፣ 15.4 እና 13.7 ወር። የፒዲኤል-1 ውጤቱን ካላወቃችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ።

እኔ ትኩረት የምሰጠው ሌላም ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ኬሞ ሁለቱን ኢሚውኖቴራፒ ከወሰዱት መካከል የሞቱት፣ ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ይበዙ ነበር። ቲ ሴሎች እስኪነቁ ጊዜ ይወስዳል፤ ካንሰሩ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ አባትዎ ውሃ እንኳ መዋጥ ከከበዳቸው ወይም በሽታው እየገሰገሰ ከሆነ፣ እኔ ኬሞ ያለበትን እመርጣለሁ። ኬሞን የማይችሉ ከሆነና ፒዲኤል-1 ካለ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ጥሩ አማራጭ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ግን አደራ። ፍሬኑ የተነሳለት ቲ ሴል ጤነኛውንም አካል ሊያጠቃ ይችላል፤ አንጀትን፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ ታይሮይድን። ሁለቱ ሲጣመሩ ይህ ይብሳል። ተቅማጥ በቀን ከወትሮው በ4 ጊዜ ከበለጠ፣ አዲስ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ቤት ውስጥ ማስታገሻ እየሰጡ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይደውሉ። በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው በስቴሮይድ ይረግባል። ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ የሚያክማቸው ሌላ ሐኪም ሁሉ ኢሚውኖቴራፒ መውሰዳቸውን ይወቅ። ሉፐስ ወይም የመሰለ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ ካለባቸው፣ ወይም የተተከለ ኩላሊት ካላቸው፣ ከመጀመራቸው በፊት ይናገሩ።

ክብደታቸውንም በየሳምንቱ መዝኑ። ምግብ አላልፍ ካለ፣ ሳይከሱ በፊት ቧንቧውን ከፍቶ ስለሚይዝ ስቴንት ወይም ስለ መመገቢያ ቱቦ ሐኪሙን ጠይቁ።