የኢንፍራሬድ መሣሪያ ከገዛን ላቦራቶሪውን እንዝጋው?

ጥያቄ፦ በዱቄት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ስንዴ የጫኑ መኪኖች በር ላይ ተሰልፈው የእርጥበትና የፕሮቲን ውጤት ይጠብቃሉ። ኃላፊዎቻችን ወዲያው ውጤት የሚሰጥ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ለመግዛት አስበዋል። መሣሪያው ሲመጣ የላቦራቶሪ ምርመራውን ማቆም እንችላለን?

መልስ፦ መሣሪያውን መግዛታችሁ መልካም ነው፤ ምርመራውን ማቆም ግን አይቻልም። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ካርል ኖሪስ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለእህል ምርመራ ያዳበረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። መሣሪያው ለዓይን የማይታይ ብርሃን ወደ ስንዴው ይልካል፤ ውኃ በ1450 እና በ1940 ናኖሜትር አካባቢ፣ ፕሮቲንና ስታርችም በየራሳቸው የሞገድ ርዝመት ከብርሃኑ ከፊሉን ይመጥጣሉ። ይህን ምጣጤ ወደ መቶኛ የሚለውጠው ቀመር ግን የሚወጣው እርጥበታቸው በምድጃ ደርቆ፣ ናይትሮጅናቸው ኬልዳል በሚባለው የላቦራቶሪ ዘዴ ተለክቶና ናይትሮጅንን ወደ ስንዴ ፕሮቲን በሚለውጠው ቁጥር በ5.7 ተባዝቶ ፕሮቲናቸው ከታወቀ ናሙናዎች ነው። ላቦራቶሪው ከተሳሳተ መሣሪያው ያንኑ ስሕተት በፍጥነት ይደግመዋል።

ሻጩ ይዞት የሚመጣው ቀመር በሌላ አገር ስንዴ የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል እንዳለ አትቀበሉት። ከአርሲም ከባሌም ከውጭ ከገባውም ስንዴ ናሙና ሰብስቡ፤ ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ፕሮቲን ይካተት። ናሙናዎቹ ሁሉ ከ11 እስከ 12 በመቶ ባለው ክልል ብቻ ከሆኑ፣ 9 በመቶ ፕሮቲን ያለው ጭነት በመጣ ቀን የሚወጣው ቁጥር እምነት አይጣልበትም። አዲስ ምርት በገባ ቁጥርም ጥቂት ናሙናዎችን በላቦራቶሪ አስመርምራችሁ ከመሣሪያው ንባብ ጋር አስተያዩ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የእህሉን ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ ከዋለ መኪና የወረደ ስንዴ ሲሞቅ ውኃው ብርሃን የሚመጥጥበት ቦታ ስለሚንሸራተት የእርጥበቱ ንባብ ይዛባል፤ የናሙናው ሙቀት የክፍሉን እስኪመስል ጥቂት ይቆይ፣ አለዚያም ቀመሩ ሞቅ ያሉ ናሙናዎችን ጨምሮ ይሠራ። ናሙናውም ከላይኛው ጆንያ ብቻ ከተዘገነ የትኛውም መሣሪያ አያድናችሁም።

በእህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨውን መርዝ አፍላቶክሲንን በተመለከተ፣ መሣሪያው ይለካዋል እያሉ ሻጮች ብዙ ይናገራሉ። መርዙ የሚለካው በቢሊዮን ውስጥ ባሉ ጥቂት ክፍሎች በመሆኑ ይህ ዘዴ አስተማማኝ ቁጥር አይሰጥም፤ የራሱን ምርመራ ይፈልጋል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት መሣሪያው በእናንተው ስንዴ፣ ውጤታቸውን ሻጩ በማያውቃቸው ናሙናዎች እንዲፈተን ጠይቁ።