መልስ፦ ድንፋታና ፉከራ አንድ ናቸው ወይ?

ወዳጄ፣ «ድንፋታ ማለት ፉከራ ማለት ነው ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ አይደለም። ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ድንፋታ «ደነፋ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በቁጣና በዛቻ፣ ሌላውን ሳያስተነፍስ ሲናገር ደነፋ ይባላል። «ምን ያስደነፋሃል?» ስንል የከነከነን ጩኸቱ ብቻ ሳይሆን ማስፈራራቱም ጭምር ነው።

ፉከራ ግን ወግ አለው። ጀግናው ስሙን፣ ዘሩን፣ የጣለውን ጠላት እየጠራ ራሱን የሚያሞግስበት፣ ግጥም ያለው፣ ሰው ልቡ እየሞቀ የሚሰማው ነገር ነው። ዛሬ ዛሬ ለባዶ ጉራም ሲውል እንሰማለን፣ ቢሆንም ከተራ ዛቻ ጋር ሲደባለቅ እኔን በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ስድብ ወይም ወቀሳ አንድ ሰው ላይ ያለማቋረጥ ሲወርድ ደግሞ «ውርጅብኝ» ይሻላል። «የስድብ ውርጅብኝ አወረደበት» ትላለህ። «ድንፋታ አወረደበት» ግን ጆሮ ይጎረብጣል፤ «ደነፋበት» ነው የሚባለው። ዝም ብሎ የተንዛዛ ንግግር ከሆነ «ዲስኩር» ይበቃል፣ ቁጣ የግድ የለበትም። አንተ የፈለግኸው ረጅሙንም ቁጡውንም ከሆነ «ድንፋታውን ሲያሰማ ቆይቶ ተቀመጠ» ብለህ ጻፍ፣ ማንም ይገባዋል።