አልመሰክርም ስላሉት ወይዘሮ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሙያ በቅርቡ ለገባችሁና ልትገቡ ላሰባችሁ ነው። እኔ ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ላይ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። የሙያችን ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲነሣ መጽሐፍ ማሰባሰብ፣ ለሕፃናት ማንበብ፣ ገጠር ድረስ ማዳረስ ይወሳል። ሁሉም የተቀደሰ ሥራ ነው፤ እኔም ደክሜበታለሁ። ብዙም ሲነገርለት የማልሰማውን ሌላውን ኃላፊነት ግን ከአንዲት ወይዘሮ ሕይወት ብትማሩት እመርጣለሁ።

ዞያ ሆርን ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1918 በኦዴሳ፣ ዩክሬን ተወለዱ። በልጅነታቸው ቤተሰባቸው ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደደና ኒው ዮርክ ውስጥ ተምረው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ገቡ። ከሃምሳ ዓመታቸው በኋላ በፔንሲልቫኒያ፣ በበክኔል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የማጣቀሻ ክፍል ኃላፊ ነበሩ።

ጊዜው የቬትናም ጦርነት የሚካሄድበት ነበር። ካቶሊካዊው ቄስ ፊሊፕ ቤሪጋንና ሌሎች የጦርነቱ ተቃዋሚዎች የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የብሔራዊ ጸጥታ አማካሪ ሄንሪ ኪሲንጀርን ለመጥለፍ አሲራችኋል ተብለው ተከሰሱ። ቤሪጋን በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ባለው የፌዴራል እስር ቤት ነበሩ። እዚያው ታስሮ የነበረ፣ ቀን ቀን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲማር የተፈቀደለት አንድ ሰው ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱ ይሠራ ነበር። የቄሱን ደብዳቤ የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ ይዘቱን ለፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ ለኤፍ ቢ አይ የሚያቀብለውም እሱ ነው። ወይዘሮ ዞያን ያንገበገባቸው ይህ ነበር፤ ሰው ሳይሳቀቅ እንዲያነብና እንዲነጋገር የተዘጋጀው ቤት የሰላይ መዋያ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1971 የኤፍ ቢ አይ ሰዎች እሳቸውም ዘንድ መጡ። በዚያው ወር የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የአንባቢን መዝገብ ምስጢራዊነት የሚመለከት ፖሊሲ አጽድቆ ነበር። መነሻው በቀደመው ዓመት የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሚልዋኪ ቤተ መጻሕፍት ሄደው ስለ ፈንጂ የሚያትቱ መጻሕፍትን ማን ማን እንደተዋሰ መጠየቃቸው ነው። ወይዘሮ ዞያ በመጀመሪያ ክስ መቅረብ አለመቅረቡን ለሚወስነው የዜጎች ጉባኤ ቀርበው መልስ ሰጥተዋል። ነገሩ ሲገለጥላቸው ግን፣ በመጋቢት 1972 ዋናው ችሎት ለምስክርነት ሲጠራቸው፣ አልመሰክርም አሉ። በቤት፣ በቤተ መጻሕፍትና በዩኒቨርሲቲ የሚደረግ ስለላ የሐሳብን ነፃነት እንደሚያጠፋ ለዳኛው ተናግረው ወደ እስር ቤት ተወሰዱ። 20 ቀን ታሰሩ። የተፈቱት በችሎቱ ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡት ዜጎች በሤራው ክስ ላይ መስማማት አቅቷቸው ጉዳዩ ሲዘጋ ነው። የማኅበራቸው ሥራ አስፈጻሚ በጭንቁ ሰዓት ከጎናቸው አልቆመም፤ ምስጋናው የመጣው ኋላ ነው። ይህን የምነግራችሁ ሙያ ማኅበር ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል ብላችሁ እንዳትዘናጉ ነው።

ይህ የአሜሪካ ታሪክ እኛን ምን አገባን የሚል ካለ፣ የእኔ ዕድሜ ሰዎችን ይጠይቅ። በቀይ ሽብር ዘመን የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ስንቱ መጽሐፉን ምድጃ ውስጥ ማገደ፣ ስንቱስ ጓሮውን ቆፍሮ ቀበረ! ሰው በእጁ በተገኘ ወረቀት የሚጠረጠርበትን ዘመን አይተናል። እንግዲህ የውሰት ካርዷን አስቧት። ከመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ በተለጠፈች የወረቀት ኪስ ትቀመጥ ነበር። የተዋሾች ስም በተለያየ የእጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊና በጥቁር ቀለም፣ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድሮ፣ ከጎኑ ቀኑ ተመትቶበት ይታያል። ለእኛ የጠፋ መጽሐፍ መፈለጊያ ናት። ለሌላ ዓይን ግን የስም ዝርዝር ናት፤ ማን ምን እንደሚያስብ የምትጠቁም።

ዛሬ ካርዷ ቀርታ ኮምፒውተሩ ተተክቷል፤ አደጋው ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ዱሮ መዝገብ ለማገላበጥ ቀናት ይፈጅ ነበር፤ አሁን አንድ ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ ያነበበው ሁሉ በአንድ ፍለጋ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ መርማሪዎች የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ጭምር እንዲጠይቁ የሚፈቅደውን፣ ፓትሪዮት የተባለውን የፀረ ሽብር ሕግ ስታወጣ ብዙ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የተቆጡት፣ አንዳንዶቹም የማያስፈልጋቸውን መዝገብ ማጥፋት የጀመሩት ለዚህ ነው። ወይዘሮ ዞያም በሰማንያዎቹ ዕድሜያቸው ሕጉን በአደባባይ ተቃውመዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሊፎርኒያ ሲያርፉ ዕድሜያቸው 96 ነበር።

እኛም መደገፊያ አናጣም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። አንብቡት፤ ለአለቆቻችሁም አስነብቡ። ሕግ ብቻውን ግን ውሰት ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፤ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። አበው ሆድ ከአገር ይሰፋል ያሉት በእኛ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው የተባለ ይመስለኛል። ስለ በሽታዋ የምታነብ ሴት፣ የሌላውን ሃይማኖት ለማወቅ የጓጓ ወጣት፣ መንግሥትን የሚተች መጽሐፍ የሚሻ መምህር እናንተን አምኖ ነው የሚጠይቀው። ለጓደኛ በሻይ ሰዓት መቀባጠርም አሳልፎ መስጠት ነው፤ በእኔ ግምት ከፖሊስ ጥያቄ ይልቅ ብዙ አንባቢ የጎዳው እንዲህ ያለው ወሬ ነው።

ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትጠቀሙበት ሶፍትዌር መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላ የተዋሹን ስም ይዞ ይቆይ እንደሆነ ጠይቁ። የሚይዝ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ በቂ ምክንያት ካልተገኘም እንዲጠፋ በጽሑፍ አመልክቱ። ለአኀዛዊ ሪፖርት የተዋሾች ብዛት ይበቃል፤ ስም አያስፈልግም።

አንድ ቀን ደግሞ መልካም ልብስ የለበሰ፣ ንግግሩ ትሑት የሆነ ሰው መጥቶ “እከሌ ምን ምን ያነባል?” ሊላችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ አትሳደቡ። ወንበር ስጡት። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ እንደሆነ ጠይቁት፤ ከያዘ ተቀብላችሁ ለኃላፊያችሁና ለሕግ ክፍል አድርሱ፤ ካልያዘ ይህን ለማንም እንደማትናገሩ በአክብሮት ንገሩት። ሲወጣም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጠየቀውን ጽፋችሁ ፈርሙበት፤ አንዱን ቅጂ ለኃላፊያችሁ ስጡ፣ ሌላውን ለራሳችሁ አስቀሩ።