ሲጋራ ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀኑ ለምን አልመሽ ይላል? ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጭንቀት ላይ ነው፤ ይኸውም ቀኑ አልመሽ፣ ሌሊቱም አልነጋ ማለቱ ነው። እኔም አጭሼ የተውኩና ከዚያ ወዲህ ሌሎች እንዲያቆሙ ስረዳ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የማውቀውን ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ካቆምኩ አራተኛ ቀኔ ነው። ብዙ ቆየሁ ብዬ ሰዓቴን ስመለከት አምስት ደቂቃ እንኳ አላለፈም። ይህ የሚደርሰው በእኔ ላይ ብቻ ነው?

መልስ፦ በእርስዎ ላይ ብቻ አይደለም፤ ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ለ24 ሰዓት ሳያጨሱ የቆዩ አጫሾች የ45 ሰከንድን ርዝመት እንዲገምቱ ሲጠየቁ ከእውነተኛው አርዝመው እንደሚገምቱት አሳይቷል። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ በ3 ቀን ውስጥ አብዛኛው ከሰውነት ይወጣል፤ እርሱን የለመደው አንጎል ግን ያለ እርሱ መሥራትን እስኪለምድ ድረስ ብስጭት፣ መቁነጥነጥና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ይከተላሉ። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት በርትቶ፣ በአብዛኛው ሰው ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይበርዳል። እርስዎ አሁን ያሉት እጅግ በከበደው ቦታ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በረመዳን ከሱሑር እስከ መግሪብ ሳላጨስ ስውል ያን ያህል አይከብደኝም። አሁን ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ያለው ሰዓት እንኳ አላልቅ ብሎኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ለዚህ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ሬውቬን ዳርና ባልደረቦቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ባወጡት ጥናት የሚያጨሱ የበረራ አስተናጋጆችን ሐራራ በአጭር የአውሮፓ በረራና በረጅም የአሜሪካ በረራ ላይ አነጻጽረው ነበር። በሁለቱም በረራዎች ሐራራው የበረታው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲቃረብ ሆኖ ተገኘ፤ አጭሩ በረራ በሚያበቃበት ሰዓት፣ በረጅሙ በረራ ላይ ያሉት እኩል ሰዓት ሳያጨሱ ቆይተው እንኳ ሐራራቸው በጣም ያነሰ ነበር። ሰውን የሚያሠቃየው ሳያጨስ የቆየበት ሰዓት ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሲጋራው ሊደርስ ነው ብሎ መጠበቁ ጭምር ነው ማለት ነው።

እርስዎም በረመዳን ቀን ሲጋራን አይጠብቁም፤ ነገሩ እስከ መግሪብ ተቆርጦ ያለቀ ነው። አሁን ግን «ምናልባት ከምሳ በኋላ አንድ ፍሬ ብቻ» የሚል ሐሳብ በልብዎ ካለ፣ የሚጠብቁት ነገር አለና እያንዳንዷ ደቂቃ ትረዝማለች። ስለዚህ አጥብቄ የምመክርዎ መጠበቁን እንዲያቋርጡ ነው። ለክፉ ቀን ብለው በመሳቢያ ውስጥ ወይም በኮት ኪስ ያስቀመጡት ፍሬ ካለ ዛሬውኑ ያስወግዱት፤ ነጠላ ሲጋራ ይገዙበት በነበረው ሱቅ ደጃፍ ወይም ጀብሎው በሚቆምበት ጥግ አይለፉ። «እስከ መቼ እችላለሁ?» የሚለውንም ጥያቄ ይተዉት፤ ይህ ጥያቄ ራሱ ሰዓት ያስቆጥራል።

ጥያቄ፦ አንዱ ሐራራ ምን ያህል ይቆያል?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው፤ ከ10 ደቂቃ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ሲጀምር ሰዓቱን አንድ ጊዜ ይዩና ስልኩን ገልብጠው ያስቀምጡት። ከዚያ እጅዎ ሥራ ይያዝ፤ ለምሳሌ ብርቱካን ቀስ ብሎ መላጥ፣ ቆሎ መልቀም ወይም ብርጭቆ ማጠብ ይችላሉ። ሲጨርሱ ሰዓቱን ቢመለከቱ ሐራራው አብዛኛውን ጊዜ አልፎ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለሲጋራ እንወጣ ነበር። አሁን ያ ሰዓት ሲደርስ የምገባበት ይጠፋኛል።

መልስ፦ በቀን 20 ፍሬ የሚያጨስ ሰው ለእያንዳንዱ 5 ወይም 6 ደቂቃ ቢያውል በየቀኑ ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ባዶ ይሆንበታል። ከዚህም በላይ ሲጋራው ቀኑን እየከፋፈለ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ያሻግርዎ ነበር። ስለዚህ ዕረፍቱን አይተዉት፤ በዚያው ሰዓት ይውጡ፣ ነገር ግን ከማያጨስ ባልደረባ ጋር በሌላኛው በር ወጥተው ሕንፃውን አንድ ጊዜ ይዙሩ።

ጥያቄ፦ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ አድራለሁ። ቡናውም ይቅር?

መልስ፦ ፈጽሞ ይቅር አልልም፤ ግን ይቀንሱት። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርግ ነበር፤ ጭሱ ሲቀር ያው የለመዱት ቡና በደምዎ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ብዙ ሰው የሲጋራ ጣጣ ነው የሚለው የልብ መምታትና የእንቅልፍ ማጣት ከፊሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። የለመዱትን በግማሽ ይቀንሱ፤ ቡና ሲፈላ አቦሉን ጠጥተው ቶናና በረካውን ይለፏቸው፤ ከምሳ በኋላም ባይጠጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ጫት ብቅምስ?

መልስ፦ በእነዚህ ሳምንታት በፍጹም አይቅመሱ፤ ጫትና ሲጋራ አብረው የተለመዱ ናቸውና አንዱ ሌላውን ይጠራል።

ጥያቄ፦ ሦስት ሳምንት አልፎኛል፤ ቀኑ አሁንም ረጅም ነው፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም።

መልስ፦ ቀኑ ብቻ የሚረዝምብዎ ከሆነ እየቀለለ ይሄዳል፤ የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር ካገኙም ፋርማሲስት አማክረው ቢጠቀሙ ይረዳዎታል። ድብርቱ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅዎ ከቆየ፣ ወይም የመኖር ፍላጎትዎን ከነካው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለአእምሮ ሕመም እንደ ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ማጨስ ማቆምዎን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ጭሱ ሲቀር የእነዚህ መድኃኒቶች መጠን በደም ውስጥ ስለሚጨምር የሚወስዱትን ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል።