የቃል ፈተና ለተጠራችሁ፦ ከአያት፣ ከየካ አባዶና ከቦሌ አራብሳ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ፤ ከፈታኞች ጋር ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ለመንግሥት ሥራ የጽሑፍ ፈተና አልፈው ለቃል ፈተና የተጠሩ የሰፈራችን ልጆች ሰሞኑን ስለበዙ የጠየቃችሁኝን እንዳመጣጡ ልመልስ።

ጋሼ፣ «ራስህን አስተዋውቅ» ሲሉኝ ከየት ልጀምር?

ከትውልድ ቦታህ አትጀምር፤ ማስረጃህ ፊታቸው ተዘርግቷል። ስምህን፣ ያጠናኸውን፣ ከዚያ ለሥራ መደቡ የሚጠቅም አንድ የሠራኸውን ነገር ተናገር። በኮንዶሚኒየማችሁ ኮሚቴ ውስጥ መዋጮ ሰብስበህ ሒሳቡን ደረጃው ሥር ለጥፈህ ታውቃለህ? ለገንዘብ ያዥነት ስትወዳደር ይህን ትተህ ስለ ራእይህ የምታወራው ለምንድን ነው?

አሥራ ሁለቱን የመንግሥት ሠራተኛ የሥነ ምግባር መርሆዎች በቃሌ ይዣለሁ። ይበቃኛል?

አይበቃሽም። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት እያሉ መደርደር ሁሉም ይችላል፤ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ፈታኝ የሚፈልገው ባለጉዳይ ፊት ስትቆሚ ምን እንደምታደርጊ ማየት ነው።

አንድ ጊዜ ለሁሉም ተፈታኝ ያቀረብነው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አንድ አዛውንት ‹ሲስተም የለም› ተብለው ሁለቴ ተመልሰዋል። ዛሬ ሲመጡም ሲስተም የለም። ምን ታደርጋለህ?» አንዱ ልጅ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን በደንብ ተነተነልን፤ አዛውንቱን ግን ቆመው ረሳቸው። ቀጥላ የገባችው «መጀመሪያ ወንበር እሰጣቸዋለሁ። ሰነዳቸው የተሟላ መሆኑን እዚያው አያለሁ፣ የጎደለ ካለ ደግመው እንዳይመላለሱ። ስልካቸውን እመዘግብና ሲስተም ሲመጣ እደውላለሁ፤ ለኃላፊዬም አሳውቃለሁ» አለች። ከመርሆዎቹ አንዱንም በስሙ አልጠራችም። ሦስታችንም ከፍተኛ ነጥብ ሰጠናት።

መርሆዎቹን አጥኚ፤ ግን ለእያንዳንዱ ከሕይወትሽ አንድ ምሳሌ ያዢለት።

ኃላፊዬ «የዚህን ሰው ፋይል ከተራው አስቀድመህ ጨርስ» ቢለኝስ? ይህ ጥያቄ ይመጣል ይባላል።

ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። «እሺ» ያለ ወደቀ፤ «ወዲያው እከሰዋለሁ» ያለም ጥሩ አልመለሰም። ሠራተኛ የሚታዘዘው ሕጋዊ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ምክንያቱን በአክብሮት ጠይቅ፤ ነፍሰ ጡር ወይም አቅመ ደካማ ከሆነ ቅድሚያው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ምክንያት ከሌለ እንደማትችል ንገረው፤ ከገፋበት ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቅ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል የሚኬደው። ፈታኞች ደረጃ በደረጃ ማሰብህን ነው የሚመዝኑት።

ድክመትህ ምንድን ነው ሲሉኝ?

እባክህ «ሥራ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም» አትበል፤ ሰምተን ሰምተን ሰለቸን። እውነተኛ ግን ለመደቡ የማይገድል ድክመትና እሱን ለማስተካከል የምታደርገውን ንገራቸው።

የመውጫ ፈተና ካለፍኩ በኋላ ሥራ ሳላገኝ ቆይቻለሁ። ያሳፍራል?

አያሳፍርም። የሠራሽውን ተናገሪ፤ ሱቅ መሸጥም ሥራ ነው። «ዝም ብዬ ነበርኩ» ብቻ አትበይ።

የትኛውን ሕግ እናንብብ?

አዋጅ ቁጥር 1064/2010ን ፎቶኮፒ ይዛችሁ ስትለፉ አያለሁ። እሱ እኮ በ2017 በጸደቀው አዲሱ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ተተክቷል፤ አዲሱን ፈልጉ። ከሕገ መንግሥቱ ስለ መንግሥት አሠራርና ተጠያቂነት የሚናገረውን አንቀጽ 12 አትዝለሉ፤ አጭር ነው።

የምትወዳደሩበትን መሥሪያ ቤትም እወቁ። ሰፈራችን ያለበት ለሚ ኩራ በ2013 ከቦሌና ከየካ ላይ ተወስዶ የተቋቋመ 11ኛው ክፍለ ከተማ ነው። ይህን የሚያውቅ ተፈታኝ «ፋይሌ የካ ነው የቀረው» የሚል ባለጉዳይ ሲገጥመው ነገሩ ይገባዋል።

ለጣፎ ስለምቀርብ ሸገር ከተማ ላይም ብወዳደርስ?

ተወዳደር። ሸገር ከተማ ያለችበት የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያ ቋንቋ መልስ ለመስጠት ተዘጋጅ።

ምን ልልበስ?

ንጹሕና የተተኮሰ ልብስ ይበቃል፤ ሱፍ ለመግዛት አትበደሩ። በክረምት የእኛ ሰፈር ጭቃ ስለማይለቅ እስከ መገናኛ በሌላ ጫማ ሂዱና እዚያ ቀይሩ፤ ወይም በር ላይ ሊስትሮ ያዙ። የታክሲውን ሰልፍ ታውቁታላችሁ፣ በጊዜ ውጡ። ዋናውን ዲግሪ ወይም ቴምፖ (ጊዜያዊ ማስረጃ)፣ ስቱደንት ኮፒና መታወቂያ በአንድ ፋይል ያዙ።

አንድ ሰው «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ብር ካመጣህ ታልፋለህ» አለኝ።

አብዛኛው ደላላ ማንንም አያውቅም፤ አጋጣሚ ካለፍክ «እኔ ነኝ» ሊል ነው። ደግሞም በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃሉ።

ውጤት ተለጥፎ ካላመንኩበትስ?

ቅሬታህን በጽሑፍ፣ ማስታወቂያው ላይ በተቀመጠው ጊዜ ውስጥ አስገባ፤ የተቀበለህ ሠራተኛ ቅጂው ላይ ፈርሞና ቀን ጽፎ ይስጥህ። «ተበድያለሁ» ብቻ ብለህ አትጻፍ፤ የትኛው ነጥብ፣ ለምን እንደሆነ ግለጽ። ተጠባባቂ ሆነህ ከሆነ ደግሞ ስልክ ቁጥርህን አትቀይር።