ገዢ በሩን ሳያንኳኳ

በዚህ ዕትም ቤታቸውን ለመሸጥ እየተሰናዱ ካሉ አንባቢዎች የደረሱንን ጥያቄዎች መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ጥግ ላይ ቡናማ የውሃ እድፍ አለ። ቀለም ብናስቀባውም ከወር በኋላ ተመልሶ ብቅ አለ። ገዢ እንዳያየው ቁምሳጥን እናስጠጋበት ወይስ እንደገና እናስቀባው?

መልስ፦ ቁምሳጥኑን ተዉት። ልምድ ያለው ገዢ ቀድሞ የሚያየው ዕቃ የተጠጋበትን ጥግ ነው። አንድ የተሸፈነ ነገር ካገኘ ያላየውንም ሁሉ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውም ዋጋ ሲቆረጥ ይመጣባችኋል።

ቀለሙ ያልያዘላችሁ ወይ ውሃው አሁንም እየገባ ስለሆነ ነው፣ ወይ ደግሞ የደረቀው እድፍ በፕላስቲክ ቀለሙ ውሃ ሟሙቶ ወደ ላይ ስለወጣ ነው። ለመለየት የእድፉን ዳር ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩበት። ከአንድ ሁለት ከባድ ዝናብ በኋላ እዩት፤ ከበላዩ ወይም ከጀርባው መታጠቢያ ቤት ካለም ሻወሩን ለረጅም ጊዜ ከፍታችሁ ተመልከቱ። እድፉ መስመሩን ካለፈ ቀለም የሚቀባበት ጊዜ አይደለም፤ መጀመሪያ ጣሪያው፣ አሸንዳው ወይም ቧንቧው ይጠገን።

ውሃው ከቆመ በኋላ ግድግዳው እስኪደርቅ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ በመቸኮል ነው። ሲደርቅ የተላጠውን ቀለም በስፓቱላ አንሱ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ካለበት በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት፤ ጨዉ ሟሙቶ ተመልሶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ ቆይቶም አዲሱን ቀለም ከሥሩ ይገፋዋል። የተቦረቦረውን በስቱኮ ሞልታችሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ከዚያ እድፍ የሚያግድ ዘይት ነክ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት)፣ ከእድፉ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳልፋችሁ ቀቡ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ጠብቃችሁ ሁለት እጅ ቀለም ጨምሩበት፤ ግን እድፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ። በከፊል የተቀባ ግድግዳ ከመስኮት በኩል ብርሃን ሲያገኘው ከእድፉ ባልተናነሰ ያሳብቃል።

የጥገናውን ደረሰኝ አትጣሉ። ገዢው ሲጠይቅ «እዚህ ጋ ያፈስ ነበር፣ ይኸው ተጠግኗል» ብሎ ወረቀቱን ማሳየት ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ሳሎኔ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። ሦስት ሶፋ፣ የምግብ ጠረጴዛና የመጽሐፍ መደርደሪያ አለበት። ሊያዩት የመጡ ሁሉ «ጠባብ ነው» እያሉ ይሄዳሉ።

መልስ፦ ገዢ ክፍሉን በሜትር አይለካውም፤ በእግሩ ነው የሚለካው። ጎኑን ሳያዞር ከበሩ እስከ መስኮቱ የሚሄድበት ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ይክፈቱለት። ለዚህ አንዱ ሶፋ መውጣቱ አይቀርም፤ ምናልባትም ሁለተኛው። በቀረው ሶፋና ከፊቱ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ መካከል ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በሩም እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ ከኋላው ካለ ዕቃ ጋር የሚጋጭ በር ገና ከደጅ «ቦታ የለም» ይላል።

የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ ፍሬም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ በግራና በቀኝም 20 ሴንቲ ሜትር አሳልፈው ይስቀሉት። መጋረጃው ሲሰበሰብ መስታወቱን ለቆ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ መስኮቱ ሰፋ ብሎ ይታያል፣ ብርሃንም አይከለከልም። አምፖሎቹን አንድ ዓይነት ያድርጓቸው፤ ለሳሎን 3000 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት (ሞቅ ያለ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ) ጥሩ ነው። አንዱ ቢጫ ሌላው ነጭ ሲሆን ንጹሕ ግድግዳ እንኳ የቆሸሸ ይመስላል።

ያወጡትን ዕቃ ግን ቁምሳጥን ውስጥ አይጠቅጥቁት። ገዢ ቁምሳጥን ይከፍታል፤ ሲሶው ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ተዘግቶ የከረመ ቤት ነው። ጸድቶም መታጠቢያ ቤቱ ይሸታል። የአየር ሽቶ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ሽቶ የበዛበት ቤት «ምን ሊሸፍኑ ነው?» ያሰኛል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ሲፎኑ፣ ማለትም ከፍሳሹ ሥር ያለው የታጠፈ ቧንቧ ነው። እዚያ የሚቆመው ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ሽታ ያግዳል፤ ቤቱ ሲዘጋ ግን ተንኖ ያልቃል። የወለሉን ጨምሮ በየፍሳሹ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ያፍስሱ። ቤቱ ተመልሶ የሚዘጋ ከሆነ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ይጨምሩበት፤ ከላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል። ከዚህ በኋላም ከሸተተ ሲፎኑ ተፈትቶ ይጽዳ።

የሻወሩ ጠርዝ ሲሊኮን ከጠቆረ በላዩ አዲስ አይደርቡ፤ አይዝም። አሮጌውን በምላጭ ቆርጠው ያውጡ፣ ቦታውን በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፣ አዲሱን ከሞሉ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ አያስነኩት። ሻጋታውን በበረኪና የሚያጸዱ ከሆነ መስኮት ይክፈቱ፤ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ለማስታወቂያ ፎቶ በስልክ ማንሳት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ሌንሱን ይጥረጉት፣ ቀን ላይ መጋረጃውን ገልጠው፣ የክፍሉ ጥግ ላይ ቆመው፣ ስልኩን አግድም ደረት አካባቢ ይያዙት። ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ካዘነበሉት ግድግዳዎቹ የወደቁ ይመስላሉ። እጅግ ሰፊ የሚያሳየውን ሌንስ አይጠቀሙ፤ ክፍሉን በፎቶ አግዝፎ፣ ገዢው ሲመጣ ያሳፍራል። የሽንት ቤቱም ክዳን ይዘጋ።