«ከፋሲካ በኋላ ልቤ ለምን ይርቃል?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በባሕር ዳር ባጃጅ የምነዳ ወጣት ነኝ። በዐቢይ ጾም ልቤ ወደ ክርስቶስ ይቀርባል፤ አስቀድሳለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ አንደበቴን እጠብቃለሁ። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ጸሎቱም ይቀዘቅዝብኛል። ዓመቱን ሙሉ ከጌታ ሳይለዩ መኖር ለገዳም ሰው ካልሆነ በቀር እንደ እኔ ላለ ሰው ይቻላል? ቍርባኑንም እስክስተካከል ብዬ ትቼዋለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጥያቄህ ሁሉ ያሳዘነችኝ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ናት፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ጣና ዳር የምትኖር ሰው ስለሆንህ ታንኳን ታውቃለህ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ የደንገል ታንኳ በአንድ ጊዜ አይሰጥምም። ደንገሉ ውኃውን ቀስ በቀስ ይጠጣል፣ እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ዳር ጎትቶ፣ አቁሞ ያደርቀዋል። ትናንት ደርቆ ነበርና ዛሬ ይቅር አይልም። አንተ በ55ቱ የጾም ቀናት ታንኳህን አድርቀህ፣ ከትንሣኤ በኋላ ግን ውኃው ላይ ትተኸው ሄድህ።

ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። በበዓለ ኀምሳ፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አንጾምም፣ አንሰግድም፤ የትንሣኤው ደስታ ነውና። ጸሎትንና ቅዳሴን ግን ያስቀረ ሥርዓት የለም! ከጾሙ ጋር ጸሎቱንም አብረን የምንፈታው እኛው ነን።

ጌታ ራሱን በወይን ግንድ፣ እኛን በቅርንጫፍ መስሎ «በእኔ ኑሩ እኔም በእናንተ» ያለው መቼ እንደሆነ አስተውል (ዮሐ. 15፥4)። በሐሙስ ማታ፣ ሊያዝ ሰዓታት ሲቀሩት፣ በዚያችው ሌሊት ጥለውት ለሚሸሹት ደቀ መዛሙርት ነው። ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ እንደሚክደው ነግሮት ነበር፤ ቃሉን ግን ከእርሱም አልከለከለም። እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር እጽናናለሁ። በክርስቶስ መኖር ልብ ሁልጊዜ ሲሞቅ መዋል አይደለም። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፣ ተመለሰም፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ አልተቆረጠም።

አሁን ወደ ቍርባኑ። «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ» ብሏል (ዮሐ. 6፥56)። አንተ በእርሱ ለመኖር ትመኛለህ፣ የሚኖርበትን መንገድ ግን ዘግተሃል። በየአጥቢያው የማየው ነው፤ ሕፃናት ይቈርባሉ፣ አረጋውያን ይቈርባሉ፣ ወጣቱ ዳር ቆሞ ይመለከታል። ሳትዘጋጅ ቅረብ አልልህም፤ ቅዱስ ጳውሎስ አስጠንቅቋል። ነገር ግን ቃሉን ልብ በል፤ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ» አለ እንጂ ራሱን ፈትኖ ይቅር አላለም (1ኛ ቆሮ. 11፥28)። መስተካከያው ንስሐ ነው፤ ብቻህን ሆነህ ተስተካክለህ የምትጨርሰው ሥራ አይደለም።

ስለ ጸሎት ጊዜ ብዙ አላስጨንቅህም። ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት ጊዜ ሠርታልናለች፤ አንተ በነግህና በመኝታ ጀምር፤ ውዳሴ ማርያምን የዕለቱን ድገም። ቀን ተሳፋሪ ስትጠብቅ «አቤቱ ማረኝ» ማለት ጊዜ አይወስድም። በቅዱስ ጊዮርጊስ በር ስታልፍ የምታማትባት ያችም ጸሎት ናት፤ ከልብህ አድርጋት።

አንድ ነገር ግን አልጠየቅኸኝም፣ እኔ እጠይቅሃለሁ። ጌታ «ትእዛዜን ብትጠብቁ በፍቅሬ ትኖራላችሁ» ሲል ስለ ሥራችንም ነው። ከገጠር የመጡ እናት መንገዱን እንደማያውቁ አይተህ ዋጋ ጨምረህባቸው ታውቃለህ? ከሆነ፣ ያን ማታ ጸሎቱ ለምን እንደከበደህ ምክንያቱን ከዚያ ፈልገው። ይህንም ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ትንሽ ነው ብለህ አትለፈው።

የንስሐ አባት ከሌለህ በዚህ ሳምንት በአጥቢያህ ካሉት ካህናት አንዱን ያዝ። የሚሰጡህን ቀኖና ፈጽም፤ ቍረብ ሲሉህም ለሌላ ጾም አታቆየው። ከመቍረብህ በፊት 18 ሰዓት መጾምህን አትርሳ፤ በዋዜማው ባጃጅህን በጊዜ አቁም፤ ከቅዳሴ በፊት የሚደርሰው የኪዳን ጸሎት ሳይጀመር ከቅጽሩ ግባ።